የቤተሰብ ወግና ሰነድ በዳፍኒ ዱ ሞሪዬ ታሪካዊ ልብወለዶች

ስለ አንድ ታሪካዊ ልብወለድ ጥናታዊ ጽሑፍ እንዲያቀርቡ የታዘዙ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ሥራቸውን የሚጀምሩት ከደራሲው የሕይወት ታሪክ ነው። እገሊት የተባለችው ገጸባሕርይ የደራሲው አያት ናት፤ በምዕራፍ ሦስት የተገለጸው ቤት ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ ጦርነቱ በተባለው ዓመት በእርግጥ ተካሂዷል እያሉ ይዘረዝራሉ። ዝርዝሩ ስሕተት የለበትም። ችግሩ መጀመር ከሚገባው ላይ ማብቃቱ ነው። አንድ ታሪክ ከቤተሰብ መወሰዱ ከታወቀ በኋላ ገና የሚቀር ጥያቄ አለ። ቤተሰቡ ያወራው ታሪክ ራሱ ከየት መጣ? ማን ፈጠረው? ለማንስ ይበጅ ነበር?

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የዳፍኒ ዱ ሞሪዬን (1907–1989) አንዳንድ ሥራዎች በመውሰድ ለማብራራት ይሞክራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ የመጻሕፍቱ ርእሶች ለዚህ ጽሑፍ ሲባል ወደ አማርኛ የተመለሱ ናቸው።

ዱ ሞሪዬ በአንባብያን ዘንድ ይበልጥ የምትታወቀው በ1938 በታተመው «ርብቃ» በተሰኘው ልብወለዷ ነው። በዚህም የተነሣ ብዙ ጊዜ በፍቅር ልብወለድ ጸሐፊነት ብቻ ትመደባለች። ምደባው እሷንም አያስደስታትም ነበር። ሥራዎቿ በአንድ ላይ ሲታዩ ግን ከፍቅሩ ይልቅ ጎልቶ የሚወጣው ቤተሰብ ነው። ከቤተሰብም ውስጥ በተለይ የተደበቀው፣ በሹክሹክታ የሚወራው፣ እንግዳ ሲመጣ የሚቋረጠው ወሬ።

የተወለደችበት ቤት ራሱ የወሬ ቤት ነበር ማለት ይቻላል። አባቷ ጄራልድ ዱ ሞሪዬ በዘመኑ የለንደን መድረክ ስመ ጥር ተዋናይና የቲያትር አዘጋጅ ነበር። እናቷም ተዋናይት ነበረች። አያቷ ጆርጅ ዱ ሞሪዬ «ፓንች» በተባለው የቀልድ መጽሔት ሥዕሎቹ ከታወቀ በኋላ ወደ ልብወለድ ዞሮ በ1894 «ትሪልቢ»ን አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ስቬንጋሊ የተባለ ገጸባሕርይ ስም ሌላውን ሰው በመንፈሱ ጨምድዶ ለሚይዝ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ በእንግሊዝኛ ቀርቷል። የጆርጅ እናት ኤለን ደግሞ የሜሪ አን ክላርክ ልጅ ነበረች። ሜሪ አን የእንግሊዝ ንጉሥ ልጅ የነበረው የዮርክ መስፍን እቁባት ሆና አገር ያወከች ሴት ናት። እንግዲህ ዳፍኒ ርእሰ ነገር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ያም ሆኖ የመጀመሪያ ልብወለዷን የጻፈችው በገዛ ቤተሰቧ ላይ አይደለም።

ኮርንዎል በሚባለው የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ፎይ ከተባለችው የወደብ ከተማ አጠገብ፣ ጭቃ ውስጥ ተጥላ የምትበሰብስ አንዲት አሮጌ ባለሸራ መርከብ አየች። መርከቧ ጄን ስሌድ ትባል ነበር። ስሟን ያገኘችው መርከብ ከሚሠራ የአካባቢው ቤተሰብ ከሆነች ሴት ነው። ወጣቷ ደራሲ የቤተሰቡን ደብዳቤዎችና ወረቀቶች ለማየት ቻለች። ከዚያ የወጣው በ1931 የታተመው «አፍቃሪው መንፈስ» የአራት ትውልድ ታሪክ ነው። ልብወለዱ የጀማሪ ሥራ ነው፤ አራተኛው ትውልድ ላይ ሲደርስ አቅሙ ይደክማል። ነገር ግን በኋላ የምትከተለው ዘዴ በውስጡ ይታያል። በመጀመሪያ አንድ ቁስ ይገኛል። ቀጥሎ ሰነድ ይፈለጋል። ሰነዱ ዝም የሚልበት ቦታ ላይ ልብወለዱ መናገር ይጀምራል።

ወደ ራሷ ቤተሰብ ስንመለስ የምናገኘው ወግ ይህን ይመስላል። የዱ ሞሪዬ ቤተሰብ ምንጩ ፈረንሳይ ነው። ቅድመ አያቶቹ ባላባቶች ነበሩ፤ ሰፊ ርስትና ግንብ ቤት ነበራቸው፤ የ1789ኙ አብዮት ሲፈነዳ ሁሉን ትተው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። ጆርጅ ያደገው ይህን እየሰማ ነው፤ አምኖበትም ኖሯል። ከስሙ ፊት ያለችው «ዱ» የምትባል ቃልም ማስረጃ መስላ ትታይ ነበር፤ በፈረንሳይኛ ስምን ከቦታ ጋር ስለምታያይዝ የባለርስትነት ሽታ አላት። ሐረጉን እስከ ሰባት ቤት እየቆጠረ ያደገ የእኛ አገር አንባቢ እንዲህ ያለው ወግ በአንድ ቤት ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ዳፍኒ በ1937 «የዱ ሞሪዬ ቤተሰብ» በሚል ርእስ ስለ አያቶቿ አንድ መጽሐፍ ስታሳትም ይህን ወግ ገና ከሥሩ አልመረመረችውም ነበር። ወደ ፈረንሳይ ሄዳ በሳርት አውራጃ የየአጥቢያውን የልደትና የጋብቻ መዝገብ ማገላበጥ የጀመረችው በ1950ዎቹ ነው። ከመዝገቡ የወጣው ሌላ ታሪክ ሆነ። የቤተሰቡ ትክክለኛ ስም ቡሶን ነው። ሥራቸው ብርጭቆ መንፋት ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ። «ለ ሞሪዬ» የሚባል ቦታ በእርግጥ አለ፤ ግንብ ሳይሆን ተራ የገበሬ ቤት ነው። ወደ እንግሊዝ የተሻገረው ሮቤር ማቱራን ቡሶን የተባለው ቅድመ አያት የሸሸው አብዮቱን ፈርቶ ሳይሆን ንግዱ ከስሮ የዕዳና የማጭበርበር ክስ ስለተደቀነበት ነው። ለንደን ሲደርስ በስደተኛ ባላባቶች መካከል ተቀላቀለ፤ ስሙን አስረዘመ፤ ርስቱን በአፉ ሠራ።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ይታያል። ሮቤር ራሱ የቤተሰቡ የመጀመሪያ ልብወለድ ደራሲ ነው። መቼት ፈጥሯል፤ ገጸባሕርይ ቀርጿል፤ ለታሪኩም አሳማኝ የሆነ ታሪካዊ ዳራ መርጦለታል። የጎደለው ነገር ቢኖር ልብወለድ መሆኑን ለአንባቢዎቹ አለመንገሩ ነው። ልጁ፣ የልጅ ልጁ፣ ከዚያም በኋላ የመጡት ድርሰቱን እንደ ታሪክ ተቀብለውታል።

ደራሲዋ ይህን ካወቀች በኋላ ሁለት ምርጫ ነበራት። አንደኛው ማረሚያ መጻፍ ነው፤ «ቀድሞ እንዲህ ይባል ነበር፤ እውነቱ ግን እንዲህ ነው» የሚል ጥናት። ሁለተኛው ደግሞ ልብወለድ ነው። የመረጠችው ሁለተኛውን ሲሆን ውጤቱ በ1963 የታተመው «ብርጭቆ ነፊዎቹ» ነው። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ከቤተሰብ ከቀዳቻቸው ሥራዎች ሁሉ የበሰለው ይኸው ነው፤ ምንም እንኳ በአንባቢ ብዛት ከ«ርብቃ» ጋር ሊወዳደር ባይችልም።

የልብወለዱ ተራኪ ሶፊ ዱቫል የሮቤር እኅት ናት። ጊዜው 1844 ነው፤ ሶፊ አርጅታለች። በፓሪስ የሚኖር፣ የባላባት ዘር ነኝ የሚል፣ እንግሊዝ አገር የተወለደ ሰው መኖሩን ትሰማለች። ሰውዬው የወንድሟ ልጅ ሆኖ ይገኛል። አባቱ ምን እንደነበረ አያውቅም፤ የሚያውቀው የተነገረውን ነው። አክስቲቱም የቤተሰቡን እውነተኛ ታሪክ ጽፋ ልትሰጠው ትወስናለች። የልብወለዱ አካል በሙሉ ይህ ጽሑፍ ነው።

የትረካው አንጻር ምርጫ ቀላል የሚመስል ግን ብዙ የሚሠራ ነው። ደራሲዋ ሁሉን አወቅ በሆነ ሦስተኛ መደብ ተራኪ ብትጠቀም ኖሮ ሮቤር ገና ከመነሻው በፍርድ ወንበር ፊት የቆመ አጭበርባሪ ይሆን ነበር። ሮቤር ራሱ እንዲተርክ ብታደርግ ደግሞ አንባቢ በአንደበቱ ተማርኮ አብሮት ይዋሽ ነበር። ሶፊ ግን እኅት ናት። ወንድሟን ትወደዋለች፤ ውሸቱንም ታውቃለች፤ ከነዚህ አንዱን ለሌላው ስትል ለመተው አትችልም። ዓረፍተ ነገሮቿ ረጋ ያሉ፣ ስሜትን የሚቆጥቡ ናቸው። ስለ ወንድሟ ክሕደት ስትናገር ከምትኮንንበት ይልቅ የምታዝንበት ይበዛል።

የልብ ሰቀላው አሠራርም ልብ ሊባል ይገባል። ምሥጢራዊ በሚባሉ ልብወለዶች የተለመደው እውነቱን እስከ መጨረሻው ሸሽጎ ማቆየት ነው። እዚህ ግን አንባቢው ሮቤር እንደዋሸ ገና ከመግቢያው ያውቃል። ታዲያ ምን ይቀራል? የሚቀረው «እንዴት» የሚለው ነው። ጨዋ የእጅ ባለሙያ ቤት ያሳደገው፣ ብልህ፣ ሰው የሚወደው ልጅ በምን መንገድ አልፎ እዚያ ደረሰ? እያንዳንዷ ትንሽ ዕዳ፣ እያንዳንዷ ትንሽ ጉራ ከዚያ በኋላ ክብደት ታገኛለች። በእኛ የኂስ ቋንቋ ንግር የምንለው ነገር በየገጹ የተበተነ ነው፤ ሆኖም አንባቢን ለማስደንገጥ የቀረበ አይደለም።

ሌላው የልብወለዱ ጥንካሬ አብዮቱን የሚያይበት ቦታ ነው። ስለ ፈረንሳይ አብዮት የተጻፉ ብዙ የእንግሊዝኛ ልብወለዶች ከመኳንንቱ ወገን ወይም ከፓሪስ አደባባይ ይመለከቱታል። እዚህ ግን ታሪኩ የሚታየው ከገጠር የብርጭቆ ማምረቻ ምድጃ አጠገብ ነው። የቡሶን ቤተሰብ ከጌታውም ከጭሰኛውም ያልሆነ፣ በሁለቱ መካከል የቆመ የእጅ ጥበብ ባለሙያ ነው። ከወንድሞቹ አንዱ ሚሼል አብዮተኛ ይሆናል፤ ሌላው የራሱን የዋህ ሐሳብ ይከተላል፤ ሮቤር አገር ይለቃል። በ1793 የቫንዴ አማጽያን ለ ማን ከተማን ሲይዙ የሚተረክበት ክፍል አማጺውም ወታደሩም የተራበ ሰው ሆኖ የሚታይበት፣ ከመጽሐፉ ሁሉ የማይረሳ ክፍል ነው።

ከዚሁ ጋር የ1789ኙ «ታላቁ ፍርሃት» እየተባለ የሚጠራው ወቅት በሰፊው ገብቷል። በዚያ በጋ ሽፍቶች መጡ፣ እህሉን ሊያቃጥሉ ነው የሚል ወሬ የፈረንሳይን ገጠር አንቀጠቀጠ። መንደር ሁሉ መሣሪያ ይዞ ወጣ፤ ሽፍታውን ያየ ግን አልነበረም። ደራሲዋ ይህን ለታሪካዊ ጌጥ ያስገባችው አይመስለኝም። ማንም ያላየው ሽፍታ አገርን እንዳነቃነቀ፣ ማንም ያላየው ግንብ ቤት አንድን ቤተሰብ ከመቶ ዓመት በላይ አንቀሳቅሷል። የአገሩ ወሬና የቤቱ ወሬ በአንድ ልብወለድ ውስጥ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ደራሲዋ ግን ተመሳሳይ ናቸው ብላ አንድም ቦታ አትነግረንም።

ለንጉሥ ሉዊ 15ኛ ጉብኝት የተሠራው ዋንጫም እንዲሁ ሥራ አለው። ዋንጫው በቤተሰቡ እጅ ያለ እውነተኛ ክብር ነው፤ የእጅ ሥራ ክብር። ሮቤር ይህን ክብር ይዞ ተሰድዶ ሳለ የሌለ የባላባትነት ክብር መፍጠሩ የልብወለዱ መራራ ምጸት ነው። ብርጭቆ ነፊ በብረት ቧንቧው ጫፍ ላይ ያለውን የቀለጠ ነገር ሲነፋ ትንፋሹን ካልለካ ሥራው እንደሚፈነዳበትም አንባቢው ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ጀምሮ ስለሚያውቅ፣ ምስሉ ከሮቤር ሕይወት ጋር ለመያያዝ ሌላ እገዛ አያስፈልገውም።

ከዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ በ1954 የታተመው «ሜሪ አን» ተመሳሳይ ርእሰ ነገር ቢኖረውም በዚህ ደረጃ አልተሳካም። ታሪኩ ሲታይ ግን ለልብወለድ የተመቸ ነው። ከድኻ የለንደን መንደር የወጣች ብልህ ሴት የጦሩ ዋና አዛዥ የነበረው የዮርክ መስፍን እቁባት ትሆናለች። መስፍኑ የሚሰጣት ገንዘብ አልበቃ ሲላት ለመኮንኖች ሹመት ታማልዳለች፤ ለምልጃውም ትከፈላለች። ግንኙነቱ ፈርሶ በ1809 ጉዳዩ ለእንግሊዝ ምክር ቤት ሲቀርብ በአባላቱ ፊት ቆማ ትመሰክራለች፤ በመልሶቿም አዳራሹን ታስቃለች። መስፍኑ ከአዛዥነቱ ወረደ፤ በ1811 ተመለሰ። እሷ በኋላ በስም ማጥፋት ተከስሳ ታሰረች፤ በ1852 ቡሎኝ በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ሞተች።

ድክመቱ ከየት መጣ ቢባል መልሱ፣ እንደ እኔ አመለካከት፣ ከሰነዱ ብዛት ነው። የምክር ቤቱ ምርመራ ቃል በቃል ተመዝግቧል። ደራሲዋም ይህን ሀብት አግኝታ ልትለቀው አልቻለችም። ጥያቄና መልሱ ገጽ ከገጽ ይከተላል፤ አንባቢው ሜሪ አን የተናገረችውን ሁሉ ይሰማል፤ ያላለችውን ግን ለመገመት ክፍተት ያጣል። በ«ብርጭቆ ነፊዎቹ» ሰነዱና ወጉ ተጣልተዋል፤ ልብወለዱም ከጠቡ ይወለዳል። በ«ሜሪ አን» ግን ሰነዱ ብቻውን አሸንፏል። ከዚህም በላይ ቅድመ አያቲቱን የመውደድ ነገር አለበት። ደራሲዋ በሴትዮዋ ድፍረት ትኮራለች፤ ኩራቱም ሶፊ ስለ ሮቤር ስትናገር የነበራትን ዓይነት ርቀት አሳጥቷታል።

«የንጉሡ ጄኔራል» (1946) የተለየ ጉዳይ ነው። ቤተሰቡ የእሷ አይደለም፤ ቤቱ ግን ነበር ማለት ይቻላል። ሜናቢሊ የሚባለውን የራሽሊ ቤተሰብ አሮጌ መኖሪያ ከወጣትነቷ ጀምራ ስትመኘው ቆይታ በ1943 ተከራይታ ገባችበት፤ እስከ 1969 ድረስም ኖረችበት። ስለዚህ ቤት አንድ ወሬ ነበር። በ1824 እድሳት ሲደረግ ግንበኞች በግድግዳ ውስጥ የተደፈነ ጠባብ ክፍል ያገኛሉ፤ በክፍሉም በ17ኛው መቶ ዓመት የንጉሥ ወገን ፈረሰኛ ልብስ የለበሰ አጽም ተቀምጦ ይገኛል። ማን እንደሆነ አልታወቀም። ልብወለዱ ወደ 1640ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት ተመልሶ ለዚህ አጽም ስም ይሰጠዋል።

ተራኪዋ ኦነር ሃሪስ ከሠርጓ በፊት ከፈረስ ወድቃ ሁለት እግሮቿ የማይንቀሳቀሱ ሴት ናት። የምትወደው ሰር ሪቻርድ ግሬንቪል ትዕቢተኛና ጨካኝ የጦር መሪ ነው። ሁለቱም በታሪክ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ኦነር የምትጠለለው በእኅቷ ባል ቤት፣ በሜናቢሊ ነው። ቤቱ በ1644 በምክር ቤቱ ወታደሮች ሲዘረፍ መሸሽ አትችልም፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታዳምጣለች። ምሥጢሩን የምታገኘው መንቀሳቀስ ስለማትችል መሆኑ የአተራረኩ ብልሃት ነው። የፍቅሩ ታሪክ አንዳንድ ቦታ ከመጠን በላይ ቢሞቅም፣ አንባቢ የዘመኑን ጦርነት ከአንድ ክፍል ውስጥ እንዲሰማ መደረጉ ልብወለዱን ከተራ የጀብዱ መጽሐፍ ይለየዋል።

«ርብቃ» ላይ ስንደርስ የሕይወት ታሪክ አዳኞች ደስ ይላቸዋል። ደራሲዋ መጽሐፉን መጻፍ የጀመረችው መኮንኑ ባሏ በተመደበበት በግብጽ እስክንድርያ ነው። ባሏ ከእሷ በፊት አጭቷት በነበረች ሴት ትቀና እንደነበር ይታወቃል። ስለዚህ ስም ያልተሰጣት ተራኪ ዳፍኒ ናት፤ ርብቃ ያቺ የቀድሞ እጮኛ ናት፤ ማንደርሊ ሜናቢሊ ነው፤ ተብሎ ይደመደማል። እርግጥ ነው፤ ቅናቱም ቤቱም ከሕይወቷ መጥተዋል። ነገር ግን ይህ ቀመር ተራኪዋ ባሏ ነፍሰ ገዳይ መሆኑን ስታውቅ ለምን እፎይ እንደምትል አይገልጽልንም። የሚያስጨንቃት ወንጀሉ አልነበረም፤ ርብቃን ይወዳት ነበር የሚለው ነበር። አንባቢም ከተራኪዋ ጋር እፎይ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ በራሱ ያፍራል። ይህን ከየትኛውም እጮኛ ደብዳቤ ላይ ማግኘት አይቻልም። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ረቂቅ ማስታወሻ በ1947 ኒው ዮርክ ውስጥ በቀረበ የስርቆሽ ክስ ለመከላከያነት ይዛው የሄደችው ሲሆን፣ በ1981 ታትሞ ለሁሉም ቀርቧል። ልብወለዱ ከረቂቅ ወደ ረቂቅ ምን ያህል እንደተለወጠ ለሚሹ ተማሪዎች ከማንኛውም የሕይወት ታሪክ የተሻለ ምንጭ ነው።

በ1951 የታተመውን ሥራዋን በተመለከተ በቅድሚያ ርእሱ ራሱ ተርጓሚን ያስቸግራል። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚጠራውን ዝምድና አማርኛ ያለ አጎት ወይም ያለ አክስት አይጠራውም። ሬቸል ደግሞ የሩቅ ዘመድ ከመሆኗም በላይ ተራኪውን ፊሊፕን እንደ አባት ያሳደገው ዘመዱ ያገባት፣ በኋላም ባሏ የሞተባት ሴት ናት። «ዘመዴ ሬቸል» ማለቱ ሳይሻል አይቀርም። ጥርጣሬውን ያቀጣጠለው አንድ ሥዕል ነበር፤ ደራሲዋ በኮርንዎል አንቶኒ በሚባል አሮጌ ቤት የሬቸል ኬሩን ምስል አይታ ነበርና። ባሏን መርዛለች ወይስ አልመረዘችም? ልብወለዱ አይመልስም። ፊሊፕ ያለው ማስረጃ የታማሚ ሰው ደብዳቤዎችና የራሱ ቅናት ብቻ ነው፤ በነዚያ ተመርቶ ለሴትዮዋ መሞት ምክንያት ይሆናል። ደብዳቤ የያዘ ሁሉ እውነት የያዘ እንዳልሆነ ደራሲዋ ያወቀችው የፈረንሳይን መዝገብ ከማገላበጧ በፊት ነው ማለት ነው።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ብርጭቆ ነፊዎቹ» የሮቤርን ውሸት አጋለጠ ብንልም ሶፊ የጻፈችው ታሪክ ራሱ ፈጠራ ነው፤ አክስትየዋ የነበረች ሰው ብትሆንም ቃሏ የደራሲዋ ነው። እንግዲያውስ አንዱ ድርሰት በሌላ ድርሰት ተተካ እንጂ ምን ተለወጠ? ተቃውሞው ተገቢ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ግን ሮቤር የሸሸጋቸውን ሰዎች ስንፈልግ ነው። የባላባቱ ወግ ፈረንሳይ ውስጥ ትቶት የሄደውን የመጀመሪያ ልጁን ዣክን አያውቀውም። በ1802 የሰላም ውል ሲደረግ ሁለተኛ ሚስቱንና ልጆቹን ለንደን ላይ ጥሎ ወደ አገሩ መመለሱን፣ በቱር ከተማ ትምህርት ቤት ከፍቶ መኖሩን፣ በ1811 እዚያው መሞቱን አያውቅም፤ ለንደን ለቀሩት እሱ ከዚያ በፊት የሞተ ሰው ነው። ሶፊ እነዚህን ሁሉ በስማቸው ትጠራቸዋለች። የተተወችውን ሚስት፣ ያለ አባት ያደገውን ወታደር፣ ልጇን ስትጠብቅ ያረጀችውን እናት በየቦታቸው ታስቀምጣለች። ጽሑፏን የምትሰጠው የወንድሟ ልጅ አንብቦ ያምናት ወይም አያምናት እንደሆነ ልብወለዱ አይነግረንም። ከትክክለኛው ታሪክ የምናውቀው ግን ልጁ ጆርጅ በግንብ ቤቱ እያመነ አድጎ እየጻፈ መኖሩን ነው።